የወጌሻው እጅ

በረዶው የፊት መስታወቱን ሊዘጋው ምንም አልቀረውም። የመኪናዬ መጥረጊያ ፎርት ዌይን ላይ ተሰብሮ ስለቀረ ዌንዴል ፕራተር በቀኝ እጁ መሪውን ይዞ፣ ግራውን በመስኮት አውጥቶ፣ በባርኔጣው እየጠረገ ይነዳል። ከኋላ የፕላስተር ሣጥኔ፣ ማሊያ የታጨቀበት ከረጢትና ዴኒ ሆልኮም አንድ ላይ ተጋድመዋል። ዴኒ ተኝቷል። ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከቡድኑ ትልቁን ደመወዝ የሚበላው እሱ ነው፤ እንቅልፉም እንደ ደመወዙ ነው።

"መንገዱ ይታይሃል ወይስ በግምት ነው?" አልኩት ዌንዴልን።

"ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በግምት ነው የኖርኩት። ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?"

እ.ኤ.አ. በ1962 በጥር ወር ነው። ቅዳሜ ማታ ፎርት ዌይን ላይ ተጫውተን በአራት ነጥብ ተሸንፈናል። እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ ቶሌዶ፣ ቤታችን፣ ባፋሎን እንገጥማለን። የክለቡ ባለቤት ሚስተር ኮርት የባቡር ትኬት ውድ ነው ብሎ የቤንዚን ስለሰጠን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምረን በሦስት መኪና በበረዶ ውስጥ እንጎተታለን። ለባቡር በሚሰስትበት በዚያው ቀን ለሚስተር ኮርት ቴሌቪዥን ወደ ጨዋታ አዳራሹ እየመጣለት ነበር። የሊጉ ጨዋታ ከቶሌዶ በቀጥታ ለመላ አገሩ ሲተላለፍ የመጀመሪያው ነው።

እኔ ጉስ ቶርማ እባላለሁ፤ የቶሌዶ ብርጭቆ ሠሪዎች የተባለው የቅርጫት ኳስ ቡድን ወጌሻ ነበርኩ። የከተማው ሰው "ብርጭቆዎቹ" ነው የሚለን፤ በየሳምንቱ አንዳችን ስለምንሰበር። ለአንድ ጨዋታ አሥራ አምስት ዶላር ይከፈለኛል፤ ጨዋታ ከሌለ ሰባራ ሳንቲም የለም። ከሚያዝያ እስከ መስከረም እንደ ሰፈሬ ሃንጋሪዎች ሁሉ ብርጭቆ ፋብሪካ ገብቼ እቶን ፊት እቆማለሁ። እጄን ያየ ሰው ወጌሻ ነው አይለኝም። መዳፌ ተሰነጣጥቋል፣ የጣቶቼ ጫፍ በእሳት ተላልጧል። ባለቤቴ ኢሎና በዝይ ስብ እያሸችኝ ትንሽ ጠገግ ሲል፣ ያው ሚያዝያ ይመጣል። ያን እቶን እንደ ሰው ነበር የምጠላው።

"ጉስ" አለ ዌንዴል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ዛሬ እኔ ሳልነግርህ ሣጥንህን እንዳትከፍት።"

"አበድክ እንዴ? አሥር ሰው እኮ ነው። ሃያ ቁርጭምጭሚት። ከስድስት ተኩል ጀምሬ ቀና ሳልል ነው ስምንት ሰዓት ላይ የምደርሰው።"

"እኮ! ለዚያ ነው የማትከፍተው።"

ነገሩ ቶሎ ገባኝ። ሜዳችን ለሆኪ ጨዋታ በተጋገረ በረዶ ላይ የተነጠፈ ሣንቃ ነው። ቅዝቃዜው በስንጥቁ ይወጣል፣ ሣንቃው ያንሸራትታል፤ ቁርጭምጭሚቱን በፕላስተር ሳያስር እዚያ ላይ የሚዘል ሰው የለም። በኛ ቤት "ታስሯል" ማለት ዛሬ ይጫወታል ማለት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ያልወጣ አይጫወትም።

ዌንዴል ከደረት ኪሱ አንድ ወረቀት አውጥቶ ጭኔ ላይ ጣለልኝ። የሊጉ ተጫዋቾች ማኅበር ጥያቄ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ከባለቤቶቹ አንዱም እንኳ ሊያነበው አልፈቀደም። ጡረታ ይላል። ከሊጉ መክፈቻ በፊት በነፃ ለምንጫወታቸው አሥራ አራት ጨዋታዎች ክፍያ ይላል። ሌሊት ተጉዞ ቀን መጫወት ይቅር ይላል። ከሁሉ በታች ደግሞ እያንዳንዱ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ የሚከፈለው ወጌሻ ይቅጠር ይላል።

"ይቺን የመጨረሻዋን ማን አስገባት?"

"ጉልበቴ ነው ያስገባት" አለና ሳቀ። "ባፋሎዎቹም ተስማምተዋል። ተወካያቸው ሲድ ግሪንዋልድ ቃሉን ሰጥቶኛል። እኛ ካልታሰርን እነሱም አይታሰሩም። ኮርት ወረቀቷ ላይ ይፈርማል፣ አለዚያ ባዶ ሣንቃውን ለአገር ያሳያል።"

"አምበሉ አንተ ነህ። መጀመሪያ የሚያባርረው አንተን ነው።"

"ማባረሩንስ ያባርረኛል። ዘንድሮ ባይሆን ከርሞ። እስከዚያ ግን ጡረታ ያለው ሰው አድርጎ ያባርረኝ ነው የምለው።"

መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ስንደርስ መኪናውን አቆመና ከመሪው አልተነሣም። እኔም ምን እንደሚበላ ሳልጠይቀው ወርጄ የእንቁላል ሳንዱች ገዝቼ መጣሁ። ጥቁር ሰው እዚያ ቤት ሲገባ ወንበሩ ሁሉ በድንገት የተያዘ ይሆናል። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንጓዝ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አውርተን አናውቅም። ሳንዱቹን በሁለት ጉርሻ ጨርሶ፣ የታመመ ጉልበቱን በቡጢ መታ መታ አድርጎ መኪናውን አስነሣ።

አምስት ሰዓት ላይ ቶሌዶ ገባን። ሣጥኔን ሳላወርድ ሚስተር ኮርት ይፈልግሃል ተባልኩ።

ሚስተር ሌላንድ ኮርት አዳራሹም፣ የሆኪ ቡድኑም፣ በበረዶ ላይ የሚጨፍሩት ልጃገረዶችም የሱ ናቸው። እኛ ከሁሉም በኋላ የመጣን ነን፤ አዳራሹ ባዶ የሚያድርባቸውን ቀኖች እንድንሞላለት። ጮሆ አያውቅም። ሰውን የሚያስፈራውም ይኸው ነበር።

"ጉስ፣ ተቀመጥ። ኢሎና ደኅና ናት?"

"ይመስገን፣ ሚስተር ኮርት።"

"እጅህን አሳየኝ እስቲ።" ዘረጋሁለት። አየና ከንፈሩን መጠጠ። "ይኼ የወጌሻ እጅ ነው? እኔ አፍራለሁ።" አለና አንድ ወረቀት ወደኔ ገፋ። ውል ነው። ዓመቱን ሙሉ፣ ስድስት ሺህ ዶላር። እሱ ፈርሞበታል፤ የኔ ቦታ ብቻ ባዶ ነው።

"ምን ላድርግልዎ ነው?"

"ምንም። ሥራህን። ልጆቹ ዛሬ ምን እንዳሰቡ ከነሱ በፊት ነው የሰማሁት። ከሰባት ሰዓት በፊት አንድ ሰው ታስሮ ልየው። አንድ ብቻ። አንዱን ካዩ የቀሩት ራሳቸው ይሰለፋሉ፤ አውቃቸዋለሁ።"

እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም። ወረቀቱን አጥፌ የነጭ ጃኬቴ ውስጥ ኪስ ከተትኩት። አልፈረምኩም። ግን አልቀደድኩትም፤ ወርጄም ለዌንዴል አልነገርኩትም። መንገር ነበረብኝ። ዛሬ ሳስበው የቀረው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ዘጠኙ ልጆች ሙሉ ልብሳቸውን ከነክራባታቸው ለብሰው ድርድር ብለው ተቀምጠዋል፤ ለቅሶ ቤት ይመስላል። ጠረጴዛዬ መሐል ላይ ባዶውን ቆሟል። ሰው ሁሉ ይሸሸዋል። ስድስት ተኩል አለፈ። ከላይ የሕዝቡ እግር ደረጃውን ሲደበድብ ይሰማናል።

ሚስተር ኮርት ኮቱን እንደለበሰ ወረደ። ዌንዴል ከበሩ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው፤ እኛ በተከፈተው በር ሁሉን እንሰማለን።

"ባለፈው ዓመት በእናንተ አርባ ሺህ ዶላር ከስሬያለሁ" አለ ኮርት፣ ረጋ ብሎ። "ከኪሳራ ላይ ጡረታ አይከፈልም።"

"የፈንዲሻው ገንዘብ የት ገባ፣ ሚስተር ኮርት?"

"ፈንዲሻው የአዳራሹ ነው።"

"የመኪና ማቆሚያውስ?"

"እሱም የአዳራሹ።"

"አዳራሹ የማን ነው?"

"የኔ ነው። ምን ማለትህ ነው?"

"ቡድኑ ለአዳራሹ ኪራይ ይከፍላል አይደል? እንግዲህ ከግራ ኪስዎ አውጥተው ቀኝ ኪስዎ ይከታሉ፤ ከዚያ ግራው ከሰረ ይሉናል። የኛ ደመወዝ ደግሞ የሚወጣው ከግራው ነው።"

ልጆቹ ሳቁ። ዴኒ ሳይቀር ጭኑን መታ። ያን ሳቅ ስሰማ፣ እውነቱን ልናገር፣ አሸንፈናል ብዬ ነበር። ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ለአንዲት ደቂቃ ተረሳኝ።

"አንተ ልጅ" አለ ኮርት።

"ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።"

"አንተ ልጅ፣ ይኼን ሁሉ ለነሱ ብለህ እንዳይመስላቸው።" ከዚያ በዌንዴል ትከሻ ላይ ወደ ክፍሉ አየ። "አምበላችሁን ጠይቁት። ለመጪው ዓመት ስለ አሠልጣኝነት ምን እንደተነጋገርን ጠይቁት። ስምንት ሰዓት ሲሞላ እሱ ታስሮ ሜዳ ላይ ነው። እናንተ ናችሁ ከነክራባታችሁ የምትቀሩት።" ይኼን ብሎ ሄደ።

ሳቁ ጠፋ። ዌንዴል ገባና ለሁሉም በግልጽ ነገራቸው። ኮርት በጥቅምት ወር ጠርቶ አሠልጣኝ ላድርግህ ብሎት ነበር፤ ማኅበሩን ተው ስላለው እምቢ ብሎ ወጥቷል።

"ለምን አልነገርከንም?" አለ ዴኒ።

"እምቢ ካልኩ በኋላ ምን ወሬ አለው?"

ለዴኒ ይኼ አልተዋጠለትም። የሱ ነገር እንዲህ ነበር፤ ሃያ ሺህ ዶላር ይበላል፣ ጡረታ የሽማግሌ ወሬ ነው ይለዋል። አድማው ውስጥ የገባው ዌንዴልን ስለሚያከብር ብቻ ነው። ክሩ ቀጭን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ዌንዴል ሊቀመጥ ሲል ጉልበቱ አልታጠፍ አለ። አምስት ሰዓት መንዳት፣ ከዚያ በዚያ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ መቆም፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ክንዴን ያዘና በጆሮዬ፣

"ማሞቂያው ክፍል ና፤ ልጆቹ እንዳያዩኝ። እግሬን እሰርልኝ። ኮርት መመለሱ አይቀርም፤ ተቀምጬ አላነጋግረውም" አለኝ።

ማሞቂያው ክፍል ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። በረዶ ያራሰውን ጫማና ካልሲ አወለቀ፤ ካልሲውን ትኩሱ ቧንቧ ላይ ሰቀለ። ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰበሰበ። ጉልበቱ ዳቦ አክሎ አብጧል። ላስቲክ ፋሻ አወጣሁና ጀመርኩ።

ዌንዴል ወረቀቱን አውጥቶ ለኮርት የሚለውን እየተለማመደ ነው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ወደ ታች አያይም። እኔም ወደ ላይ አላየሁም። የኮርት ውል ደረቴን ይበላኛል። ስድስት ሺህ ዶላር እላለሁ በሆዴ። ሚያዝያ ሲመጣ እቶኑን በሩቅ አይቼው ሳልፍ ይታየኛል። ኢሎና የዝይ ስቡን ወጥ ውስጥ ስትጨምረው ይታየኛል። እጄ ይሠራል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየጨዋታው ያን እግር ያሰርኩት በአንድ መንገድ ነው። መጀመሪያ ጉልበቱ በፋሻ፣ ከዚያ ወረድ ብዬ ቁርጭምጭሚቱ በነጭ ፕላስተር። ከጉልበቱ በኋላ እጄ ቆሞ አያውቅም።

የመጨረሻውን ቁራጭ በጥርሴ ስቀድ ድምፁ ነው ያነቃኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቁርጭምጭሚቱ ንጹሕ ሆኖ፣ ነጭ ሆኖ፣ ለጨዋታ ታስሯል።

እጄ ነው ያደረገው ወይስ እኔ? ስንት ሌሊት ጣሪያ እያየሁ ይኼን ጠይቄዋለሁ። አላውቅም። የማውቀው ቀጥሎ ያለውን ነው። ያን ጊዜ ሲድ ግሪንዋልድ ከኮሪደሩ "ዌንዴል! ኮርት ወርዷል፣ ቶሎ በል!" ብሎ ተጣራ። ዌንዴል ዘሎ ተነሣ። ካልሲው አልደረቀም፤ ትቶት ባዶ እግሩን ጫማው ውስጥ ከተተ። ፕላስተር ለሱ እንደ ቆዳው ነው፤ ልብ አላለውም። እኔ ግን አየሁት። ጫማውን ሲያጠልቅ አየሁት። "ቆይ" ማለት ነበረብኝ፤ አንድ ቃል ናት። አፌን ከፈትኩ፤ ሳልተነፍስ በሩን ከፍቶ ሄደ።

መልበሻ ክፍሉ ስደርስ ኮርት በር ላይ ቆሟል። ሲድ ከኋላው አንገቱን አስግጎ ያያል። ዌንዴል መሐል ክፍሉ ላይ ቆሞ እያናገራቸው ነው። ቶሌዶ ውስጥ ሁለት ሜትር ለሚሆን ሰው ልክ የሆነ ሱሪ አይሸጥም ነበር፤ የሱሪው ጫፍና ጫማው መሐል አራት ጣት ያህል ነጭ ፕላስተር ያበራል።

"አምበል" አለ ዴኒ። ድምፁ እንግዳ ነው። "ታስረሃል እኮ።"

ዌንዴል ወደ እግሩ አየ። መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሳቀ፤ ከልቡ ነው የሳቀው።

"ይኼ የጉስ ሥራ ነው! ጉልበቴን አሞኝ ሊጠቀልልልኝ ማሞቂያው ክፍል ገባን፤ እጁ ለምዶበት ወርዶ ጨረሰው። ጉስ፣ ንገራቸው እንጂ።"

ዘጠኝ ፊት ወደኔ ዞረ። ዌንዴል ገና ፈገግ እንዳለ ነው። ይኼን ፈገግታ ነው የማልረሳው፤ እንደምናገር አልተጠራጠረም። ኮርት ባርኔጣውን አወለቀ፤ ፀጉሩን በመዳፉ አስተካከለ።

"እስቲ ንገራቸው፣ ጉስ" አለ ኮርት፣ በዚያ በለዘበ ድምፁ። "ምን ነበር ያለህ? እሱ ራሱ ያለህን ቃል ብቻ ንገራቸው።"

ውሉ በልቤ ላይ ነው። ውሸት አልናገርም አልኩ በሆዴ፤ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ውሸት አልናገርም።

"'እግሬን እሰርልኝ' አለኝ" አልኩ። "አሰርኩለት።"

አንድም ቃል አልጨመርኩም። አንድም ቃል አላጎደልኩም።

የዌንዴል ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የጠፋው። "ጉስ" አለኝ። "ጉልበቴን እኮ ነው።"

"እኔ ምን አውቃለሁ። እግር እግር ነው" አልኩት። ይኼንንም ያልኩት እኔ ነኝ።

ዴኒ ሆልኮም ክራባቱን ፈታና ወረወረው። "እኛን አስቀምጦ ራሱ ይታሰራል! አሠልጣኝ ሊሆን!" አለና ሄዶ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። እግሩን ዘረጋልኝ። "እሰረኝ፣ ጉስ።"

"ዴኒ፣ ስማኝ" አለ ዌንዴል። "ስማኝ፣ ወንድሜ። ኮርት ይኼንኑ ነው የፈለገው። በር ላይ ቆሞ ምን ይሠራል መሰለህ?"

"አንተስ በስውር ምን ትሠራ ነበር?" አለው ዴኒ።

ሲድ ግሪንዋልድ ከበሩ ላይ ሁሉን አየ። ዞሮ ወደ ክፍላቸው ሄደ፤ ትንሽ ቆይቶ የባፋሎዎቹ ወጌሻ የሣጥኑን ክዳን ሲከፍት ቀጭኗ ድምፅ በኮሪደሩ መጣች። ኮርት ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። ሰዓቱ ሰባት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ይቀረው ነበር።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈጥኜ አልሠራሁም። ዘጠኝ ሰው፣ አሥራ ስምንት ቁርጭምጭሚት። ፕላስተሩ ከጣቴ ላይ የተላጠውን ቆዳ እየያዘ ይነሣል፤ ፋሻው ላይ ደሜ ነጠብ ነጠብ አለ። አንዱም አላየም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ። እየታሰረ የሚወርደው ሁሉ በዌንዴል አጠገብ ሲያልፍ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ጨዋታው ስምንት ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ። በቴሌቪዥን ተመልካቹን በበረዶው ምክንያት ብለው ይቅርታ ጠየቁ።

ዌንዴል አልተጫወተም። ሁሉም ከወጡ በኋላ መጣና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"መቀስ ስጠኝ።"

"እኔ ልቁረጥልህ" አልኩት።

"አይ። አንተ አትንካኝ።"

ራሱ ቆረጠው። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን በገዛ እጁ ቆርጦት አያውቅም፤ መቀሱን አገላብጦ ይይዛል፣ ቆዳውን ሁለት ቦታ ነካው። ሲጨርስ ፕላስተሩን እንደ ኳስ ጠቅልሎ መሐል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። መቀሱን አጥፎ በጃኬቴ ውስጥ ኪስ ሊከትልኝ እጁን ሰደደ፤ መቀሴን የማስቀምጠው እዚያ መሆኑን ያውቃል። ጣቱ ወረቀቱን ነካ። ሳብ አድርጎ የላይኛውን መስመር አነበበ፤ ከዚያ እንደ ነበረ አጥፎ መለሰልኝ።

"ጠዋት ነው የሰጠህ?"

"ጠዋት ነው። ግን አልፈረምኩም፣ ዌንዴል! በእናቴ አልፈረምኩም!"

"ፈርም" አለኝ። "የሚገባህን ነው የጠየቅንልህ።"

ማሞቂያው ክፍል ሄዶ ካልሲውን ይዞ ወጣ። ማክሰኞ ውሉን አፍርሷል ተብሎ ደብዳቤ ደረሰው፤ የቀረውም ቡድን ሁሉ በሩን ዘጋበት። እኔ ሰኞ ዕለት ፈርሜያለሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሎች ተጫዋቾች፣ በሌላ ከተማ፣ በሌላ የቴሌቪዥን ጨዋታ ዋዜማ ያንኑ ወረቀት ይዘው ቆሙ። ወጌሻዎቻቸው ሣጥናቸውን አልከፈቱም፤ ባለቤቶቹም ፈረሙ። ጋዜጣው ላይ ነው ያነበብኩት። ከዌንዴል ወረቀት አንድ መስመር አልቀረም፤ የመጨረሻዋም ሳትቀር። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ይቅር ይለኛል ብዬ ሳይሆን አይቀርም፤ ጋዜጣውን ብብቴ ሥር አድርጌ ወደ ብርጭቆ ፋብሪካው በር ሄድኩ። ዌንዴል እዚያ እንደሚሠራ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እቶን ፊት፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፤ የድሮ ቦታዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ ለሚገባው ፈረቃ ሲሰለፉ አገኘሁት። ከሰው ሁሉ አናት በላይ ስለሚታይ መፈለግ አያስፈልግም።

"ፈረሙ" አልኩት፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም። ጋዜጣውን ሰጠሁት። "ጡረታውን ፈረሙ። ያልከው ሁሉ ሆነ።"

ቆሞ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ሰልፉ በጎኑ እያለፈ ገባ።

"ስንት ዓመት ላገለገለ ነው?"

ይኼን እንዳይጠይቀኝ ነበር መንገዱን ሙሉ የተሳልኩት። "አሥር" አልኩት።

"አሥር" አለ። ጋዜጣውን በጥንቃቄ አጠፈው። "እኔ ዘጠኝ ነኝ።"

"ዌንዴል፣ ያን ቀን እጄ ነው እንጂ እኔ አልነበርኩም። ልማድ ነው፤ አንተም ራስህ ብለኸዋል። ከጉልበት በኋላ እጄ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ አንተ ታውቃለህ..."

"እጅህን አሳየኝ" አለኝ።

ዘረጋሁለት። ይዞ አገላበጠው፤ መዳፌን አየ፣ የጣቶቼን ጫፍ አንድ በአንድ አየ። የያዘኝ እጁ እንደ ጡብ ሻክሯል፤ ጣቶቹ ተላልጠዋል፣ አውራ ጣቱ ሥር ጥቁር የእሳት ጠባሳ አለ። የኔ እጅ በሱ እጅ ውስጥ የሴት እጅ ይመስል ነበር፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ አንድ ስንጥቅ የሌለበት።

"ድኗል" አለኝ።

የፋብሪካው ፊሽካ ነፋ። ጋዜጣውን መለሰልኝና ያን እግሩን እየጎተተ ገባ።